ነቀምት፣ ኦነሲሞስና የመደብሩ ዘበኛ

የዛሬው ወጋችን መቶ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ይወስደናል። የሚነሳው ግን ከአንድ ጓደኛችን ላፕቶፕ ነው።

ልጁ የነቀምት ልጅ ነው፣ ፕሮግራመር። አንድ ክረምት ጊምቢ አያቱ ዘንድ (አኮ ነው የሚላቸው) ከርሞ፣ ማታ ማታ የሚጠይቁትን ሂቦ፣ እኛ እንቆቅልሽ የምንለውን ማለት ነው፣ በደብተር ለቀመ። ከዚያም ለስልክ የሚሆን አፕ ሠራበት። ጥያቄው ይመጣል፣ መልሱ ከጠፋህ አገር ትሰጣለህ፣ መልሱ ይገለጥልሃል። ያማረ ነገር ነበር። አፑን ወደ መደብሩ ላከው (የትኛው መደብር እንደሆነ አንጠራም፣ ለነገራችን አይጠቅምም)። ከሳምንት በኋላ የአንድ መስመር መልስ መጣ፦ ይዘቱ ተገቢ አይደለም። የትኛው ይዘት? አይልም። እንቆቅልሽ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ጥያቄው ብልግና ይመስልና መልሱ ሙቀጫና ዘነዘና ሆኖ ይገኛል። የአኮም ሂቦ ከዚህ አያመልጥም። ልጁ ያስጠረጥራሉ ያላቸውን ዘጠኝ እንቆቅልሾች አውጥቶ መልሶ ላከ። አሁንም ያው መስመር። በሦስተኛው ተናደደና አንዲት ነጥብ ሳይነካ ያንኑ ፋይል ላከው። በሁለተኛው ቀን ተፈቀደ!

ሲያጫውተን ሳቅን። ሳቃችን ሲበርድ ግን ከመካከላችን አንዱ «ይሄ እኮ የወለጋ ታሪክ ነው» አለ። እውነቱን ነው። በወለጋ ከተሞች ኦሮምኛ ጽፎ ለሰው ማድረስ ለመቶ ዓመት ያህል እንዲሁ ነበር። ሲከለከል ለምን እንደተከለከለ አይነገርም፣ ሲፈቀድም ለምን እንደተፈቀደ አይነገርም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ መደመርና መቀነሱን ለእናንተ ትተናል።)

መጀመሪያ ግን ስለ መደብሮቹ ጥቂት እንበል። አፕል የአፕ መደብሩን የከፈተው በሐምሌ 2008 ነው። አንድ አፕ ሽያጭ ላይ የሚውለው የኩባንያው ሰዎች ካዩት በኋላ ብቻ ነው። ሰዎቹ የሚመዝኑበት ዝርዝር መመሪያ ለአፕ ሠሪዎች የወጣው ግን በመስከረም 2010 ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ ሠሪው በግምት ሲሠራ፣ ተቆጣጣሪው በልቡ ሲፈርድ ኖሩ ማለት ነው። በሚያዝያ 2009 የሚያለቅስ ሕፃን እያወዛወዙ ዝም የሚያሰኙበት አሳፋሪ ጨዋታ አለፈና ጩኸት ሲነሳ ወረደ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የማርክ ፊዮሬ የፖለቲካ ካርቱን «ታዋቂ ሰዎች ላይ ያላግጣል» ተብሎ ተመለሰ። ካርቱኒስት ሌላ ምን ሥራ አለው? በሚያዝያ 2010 ሰውየው የፑሊትዘር ሽልማት ሲያገኝ ግን ያው አፕ ተፈቀደ። ካርቱኖቹ አልተለወጡም፣ የሰውየው ስም ነው የከበደው። መመሪያው በመጨረሻ ሲወጣም፣ መስመሩ የት ነው ለምትሉ ስናየው እናውቀዋለን የሚል መንፈስ ያለው ነገር ሰፍሮበታል። አባባሉን የተዋሱት በ1964 ስለ ብልግና ፊልም ከፈረዱ አንድ የአሜሪካ ዳኛ ነው። 1964ን ያዙልን፣ እንመለስባታለን።

አሁን ወደ አገር ቤት።

ሂካ አዋጂ የሚባል ሕፃን በ1850ዎቹ ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ተወለደ። በልጅነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ፣ ስሙም በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ነሲብ ሆነ። በ1870 ምጽዋ ላይ የስዊሱ ቨርነር ሙንዚንገር ነፃ አወጣው። ስዊድናውያን ሚሲዮኖች እምኩሉ ላይ አስተማሩት፣ በ1872 ኦነሲሞስ ተብሎ ተጠመቀ፣ ስዊድን ሄዶ አምስት ዓመት ተማረ። ሲመለስ ሐሳቡ አንድ ነበር፦ ወገኖቹ ዘንድ ሄዶ በቋንቋቸው ማስተማር።

በሩ ግን ተዘግቷል። ወይስ ተከፍቷል? ነገሩ ሁለቱም ነው። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ካቶሊካዊውን አባ ማስያስን ከ1868 ጀምሮ ሲያስተናግዱ ኖረው፣ ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ (1878) በኋላ በ1879 በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ አሰናብተዋቸዋል። ትናንት የተፈቀደው ዛሬ ተከልክሏል። ኦነሲሞስ በ1881 በሱዳን ዞሮ ወለጋ ለመግባት ወጣ፣ ድንበሩ ዘንድ ደርሶ ማለፍ አቅቶት ታምሞ ተመለሰ። በ1886 እንደገና ሞከረ፣ በሸዋ በኩል። እንጦጦ ሲደርስ ተመለስ ወደ መጣህበት ተባለ። ተመለሰ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። እሱ ግን «ሰውየው ካልገባ መጽሐፉ ይገባል» ያለ ይመስላል፣ እምኩሉ ቁጭ ብሎ መጻፍ ጀመረ። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ያልሰማናት ሴት የምትመጣው። አስቴር ጋኖ ከሊሙ እናርያ ተወስዳ ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ በጀልባ ስትጓዝ፣ በ1886 የጣሊያን መርከቦች አስጥለዋት እምኩሉ የደረሰች ልጅ ነበረች። ኦነሲሞስ ከአገሩ በሕፃንነቱ ስለወጣ ኦሮምኛው ሸሽቶት ነበር፣ አስቴር ግን ቋንቋውን ይዛው መጥታለች። አዲስ ኪዳን በ1893 እምኩሉ ታተመ። በ1894 ደግሞ ለጀማሪ አንባቢ የሚሆን መጽሐፍ ወጣ። አስቴር ከትዝታዋ 500 ያህል ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ ዘፈንና እንቆቅልሽ በጽሑፍ አስፍራ ነበርና ብዙው እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። አዎ፣ እንቆቅልሽ! የጓደኛችን አኮ ጊምቢ ላይ እሳት ዳር የጠየቁት ዓይነት። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ፣ ቅዱስ ክሪሾና ላይ ታተመ፣ በግዕዝ ፊደል። በሁለት ከባርነት ያመለጡ ሰዎች እጅ፣ የሚናገሩበት አገር መግባት በተከለከሉበት ጊዜ የተሠራ መጽሐፍ ነው።

(ነገረ ፊደል ካነሳን አይቀር፦ ለኦሮምኛ ድምፅ ሲባል ወደ ግዕዙ ገበታ የተጨመረች «ዸ» የምትባል ፊደል አለች። ኮምፒውተር ላይ በሁሉም ዘንድ የታወቀ ቦታ ያገኘችው ዩኒኮድ በ1999 የኢትዮጵያን ፊደል ሲያስገባ ነው። መጽሐፉ በታተመ በመቶኛው ዓመት።)

መቼም መጽሐፉ ከሰውየው ቀድሞ ወለጋ ገባ። እንዴት እንደገባ ደግሞ ተመልከቱ። ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል የሚባል ኤርትራዊ ቄስ በ1898 ቦጂ ደረሰ። የቦጂ ገዥ ተቀብሎ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ አደረገው፣ ሰውየውም በኦሮምኛ ያስተምር ጀመር። ያ ሁሉ ክልከላ የት ሄደ? የትም አልሄደም። ቦጂ ሩቅ ናት፣ ገዥው ደግሞ ሰውየውን ወዶታል። ሕጉ ይኸው ነበር።

በ1904 ኦነሲሞስ ራሱ ነቀምት ደረሰ፤ የያኔዋ ለቀምት። ከመጀመሪያ ሙከራው ሃያ ሦስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የወለጋው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ሞረዳ፣ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ በክብር ተቀበሉት። (ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ነቀምት ቆሟል፣ ብትሄዱ ጎብኙት።) እነ አስቴርም አብረው መጥተው ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሕዝቡ በገዛ አፉ ሲሰበክ ይሰማ ጀመር። ችግሩም እዚህ ላይ ተጀመረ። የአካባቢው ካህናት እመቤታችንን ተሳድቧል ብለው ከሰሱት፣ በግንቦት 1906 አዲስ አበባ አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ። ከሳሾቹን ዝም ብለን ክፉ ማለት አንፈልግም። ቤተ ክርስቲያኗ የመንግሥት ሃይማኖት ነበረች፣ የሰውየው እምነት ሌላ ነበር፣ የማርያም ክብር ደግሞ ለነሱ ቀላል ነገር አልነበረም። ያስገረመን ሌላ ነው፦ አብዛኞቹ ካህናት ኦሮምኛ አያውቁም። የማይሰሙት ቋንቋ ውስጥ ያለውን ነው ከሰው ሰምተው የሚከሱት። ጓደኛችን ይህን ስንነግረው «ዋናው ነገር ተገኘ!» አለ። የሱን ሂቦ የመዘነውም ሰው ኦሮምኛ አንድ ቃል የሚሰማ አይመስለውም።

አቡኑ ይባረር ብለው ፈረዱ። አፄ ምኒልክ ደግሞ ፍርዱን አሻሻሉት፦ ወደ ነቀምት ይመለስ፣ ግን አይስበክ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የባሰው ይህ ይመስለናል። በወጉ ሲታይ ምሕረት ነው፣ ከግዞት ያድናል። ግን ስበክ አልተባለም፣ ሂድም አልተባለም። ትምህርት ቤት ያስተምር፣ አይስበክ። ታዲያ ልጆችን ከ1899ኙ መጽሐፍ ማንበብ ማስተማር ትምህርት ነው ስብከት? የአስቴርን ተረት ማንበብስ? ጎረቤት ለቅሶ ቤት ሄዶ ሁለት ጥቅስ ማንበብስ? የትም አልተጻፈም። መስመሩን የሚያውቀው መስመሩን አልፈሃል ብሎ የሚከስህ ሰው ነው። የተከለከለ ሰው ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ ኦነሲሞስ ሁለት ጊዜ ሲመለስ መጽሐፍ ጻፈ። በግማሽ የተፈቀደለት ሰው ግን በየቀኑ ራሱን ሲቆጣጠር ይውላል። ሰውየው እንዲያ ሆኖ አሥር ዓመት ኖረ። በ1916 ልጅ ኢያሱ በግልጽ እንዲያስተምር ፈቀዱለት። በዚያው ዓመት እሳቸው ከሥልጣን ወረዱ! ፈቃዱ ግን አልተሻረም፤ ኦነሲሞስም ሰኔ 1931 ነቀምት ላይ እስካረፈበት ድረስ አስተማረ። በሻረ መንግሥት ቃል ላይ ተንጠልጥሎ አሥራ አምስት ዓመት።

ከዚያ በኋላ ያለው ይበልጥ ያዞራል። ጣሊያን በሰኔ 1936 ባወጣው ሕግ ወለጋን ባጠቃለለው ምዕራባዊ ግዛት ኦሮምኛ የትምህርት ቋንቋ እንዲሆን ፈቀደ። (በዚያው ወር ነቀምት አጠገብ ቦነያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች ጥቁር አንበሶች አቃጥለዋቸዋል።) ፈቃዱ ለቋንቋው ፍቅር እንዳልነበረ ለማንም ግልጽ ነው፣ ከፋፍሎ ለመግዛት ነው። ይኸው ወራሪ ነው የፕሮቴስታንት ሚሲዮኖችን ያባረረው። የኦሮምኛ መጽሐፍ የሚያሳትሙት ደግሞ እነሱ ነበሩ። ቋንቋው ተፈቀደ፣ አሳታሚው ተባረረ።

ነፃነት ሲመለስ በ1944 ስለ ሚሲዮኖች ድንጋጌ ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሕጉ በወረቀት ላይ ነው፤ ይህ ብቻውን መሻሻል ነው እንበል። አገሪቱ ለሚሲዮን «ክፍት» የሆነ ቦታና የቤተ ክርስቲያን ቦታ ተብላ ተከፈለች፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ መንግሥት ይወስናል። የማስተማሪያ ቋንቋ አማርኛ ነው። የአካባቢው ቋንቋስ? በሥራው መጀመሪያ ላይ በቃል ይፈቀዳል። በቃል! ሃምሳ ዓመት ያህል ታትሞ በወለጋ ቤቶች መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ መጽሐፍ እያለ፣ ቋንቋው ይወራል እንጂ አይጻፍበትም ተባለ። ሕፃን ልጅ ቤቱ አያቱ የሚያነቡትን ፊደል በአማርኛ ይማረዋል፣ በአፉ ቋንቋ ግን የሚያነብበት መጽሐፍ ከክፍሉ ደጃፍ ወዲህ አይገባም።

አስቴር ጋኖ ይህን ሁሉ አይታለች። ከ1906ቱም ከ1916ቱም ከ1936ቱም ከ1944ቱም በኋላ በሕይወት ነበረች። በ1894 የወጣው መጽሐፍ የልጆች ንባብ ማስተማሪያ መሆኑን አትርሱ። ነቀምት ላይ ያረፈችው በ1964 ነው። ያ አሜሪካዊ ዳኛ «ሳየው አውቀዋለሁ» ባለበት ዓመት። ስታርፍ በነቀምት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሷ እንቆቅልሾች የተጻፉበት ቋንቋ አይሰጥም ነበር።

ደርግ ሲመጣ በሩ የተከፈተ መስሎ ነበር። «በሪሳ» ጋዜጣ በ1970ዎቹ አጋማሽ በኦሮምኛ መውጣት ጀመረ። በሐምሌ 1979 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛን ከመጀመሪያዎቹ ቋንቋዎች አንዱ አድርጎ መማሪያ አሳተመ፣ በግዕዝ ፊደል። ወለጋ ገጠር ገበሬ ማታ ማታ በፋኖስ ፊደል ቆጠረ፤ ይህን ማንም አይክደውም። በዚያው ወር፣ ሐምሌ 1979፣ የቦጂው ተወላጅ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ አዲስ አበባ ላይ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። በአንድ ወር ውስጥ ለወለጋ መማሪያ መጽሐፍ ተላከላት፣ ልጇ ተገደለባት።

የዚያን ዘመን ሳንሱር ነገር ሲነሳ በዓሉ ግርማን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይሆንም። እሱም እንደ ኦነሲሞስ የኢሉባቦር ልጅ ነው፣ የሱጴ። ሳንሱሩ ባለበት በዚያው የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። የበሩን ዘበኛ ከማንም በላይ ያውቃል ማለት ነው። «ኦሮማይ» በ1983 በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በኩል በሕጋዊ መንገድ ታተመ፣ ለገበያ ቀረበ፣ ከዚያ ተሰበሰበ። በየካቲት 1984 በዓሉ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በሩን የሚያውቅ ሰው እንኳ መስመሩን አላወቀውም።

የ1992ቱ የፕሬስ አዋጅ፣ ቁጥር 34፣ ቅድመ ሳንሱርን በሕግ አስቀረ፣ የ1995ቱ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 29 ላይ ደገመው። ኦሮምኛም ከ1991 ጀምሮ በቁቤ፣ በላቲን ፊደል፣ የወለጋ ልጆች የሚማሩበት ቋንቋ ሆነ። ትልቅ ነገር ነው። (በአንድ ቤት አያት የ1899ኙን በግዕዝ ፊደል፣ የልጅ ልጅ አዲሱን በቁቤ እያነበቡ፣ አንዱ የሌላውን መጽሐፍ ማንበብ ሲያቅተው ማየትም አለ። እሱ ለሌላ ቀን።) ወረቀቱ ነፃ ሲወጣ ዘበኛው ወደ ሽቦው ተዛወረ። ለዓመታት ድረ ገጾች ይዘጉ ነበር፤ በሰኔ 2018 ከ200 በላይ ድረ ገጾች ባንድ ቀን ተከፈቱ ተባልን። ደስ አለን። የተዘጉበትም የተከፈቱበትም ደንብ ግን ጎን ለጎን ተቀምጦ አላየንም።

ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ የወለጋ ተራ መጣ። ከጥር 2020 ጀምሮ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልኩም ኢንተርኔቱም ጠፋ። በነቀምት ስልክ መደወልና አጭር መልእክት ይሠራል፣ ኢንተርኔት የለም። አካባቢው የመንግሥት ኃይልና ታጣቂዎች የሚዋጉበት ነበር። ከደምቢ ዶሎ ቤተሰብ ያለው ጓደኛችን እናቱ ትኑር ትሙት ሳያውቅ ሦስት ወር ሊሞላው ደረሰ። ኮሮና አገራችን መግባቱ በመጋቢት 13 ተነገረ፤ እጃችሁን ታጠቡ የሚለው መልእክት በየስልኩ ሲደወል ደምቢ ዶሎ የሚደወልበት ስልክ አልነበራትም። አገልግሎቱ የተመለሰው በመጋቢት ወር ማብቂያ ነው። እንዴት ለነቀምት ድምፅ ተፈቅዶ ዳታ እንደተከለከለ፣ ለጊምቢ ሁለቱም እንደተከለከሉ ታውቃላችሁ? በቃል ይፈቀዳል፣ በጽሑፍ አይፈቀድም። የ1944ቱ ነገር ትዝ አላችሁ?

በየካቲት 2023 ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በመላ አገሪቱ ተዘግተው እስከ ሐምሌ ቆዩ። የከተማው ወጣት በቪፒኤን ዞሮ ገባ፣ ልክ ኦነሲሞስ በሱዳን ሊዞር እንደሞከረው። የኛ ግን ተሳካ።

ወደ ጓደኛችን እንመለስና እንሰነባበት። አፑ እስካሁን መደብሩ ላይ አለ፣ ነቀምት ውስጥ ታክሲ ላይ ሲጫወቱበት ያየ ሰው አለ። ባለፈው ስንገናኝ ዘጠኙን እንቆቅልሾች መልሰህ አስገባህ ወይ ብለን ጠየቅነው። «ለማሻሻል ስልክ እንደገና ይመረመራል፣ ባሁኑ ቢያወርዱትስ?» አለን። ምናልባት ዘጠኙ ጥፋት የለባቸውም። እሱም ያውቃል። አኮ ግን አፑን ከፍተው ሲያዩ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ሙቀጫና ዘነዘናዋ ነው፦ «እሷን ምን አደረግሃት?» ደብተሩ ላይ አለች አላቸው።